አትሰሚም እንዴ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የውሃ መግፊያውን ፓምፕ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ቡናው እስኪደርስ ስልኬን እነካካለሁ። ከልጄ ክፍል ብረት በብረት ላይ ሲፋቅ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ ሲንሿሿ፤ ቀጥሎ ከወለሉ ሥር የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ። ባለቤቴ ከቴሌቪዥኑ ዞር ብሎ «ደግሞ የማን ግድግዳ ነው የሚፈርሰው?» አለ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ ይጠይቃል። ተነስቼ በሩን ከፈትኩት። ልጄ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክራር እንደሚሰማ ሰው ተረጋግቶ ያዳምጣል።

«ምንድን ነው የተበላሸው?» አልኩት።

«ምንም አልተበላሸም ማሚ። ሙዚቃ ነው።»

ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ አስምሎኛል። እኔ ደግሞ በጥላሁን ገሠሠና በአስቴር አወቀ ያደግኩ ሰው ነኝ። ደሴ ሳለን አባቴ አንድ ቴፕ ነበረው፤ የካሴቱ ክር ሲበላ በእርሳስ እያጠነጠንን እንመልሰው ነበር። ሙዚቃ ለእኔ ዜማ ያለው፣ ግጥም ያለው፣ ከተቻለም ሆድን ትንሽ የሚያባባ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ማንኛዋም እናት ክፉ ክፉውን ሳስብ ከረምኩ። ቦርሳውን በረበርኩ (አላፍርበትም፤ እናንተም ታደርጉታላችሁ)። ውሎውን አጣራሁ። እህቴ ጋ ደውዬ ብነግራት «ጆሮውን አስመርምሪው» አለችኝ።

ምክሯ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ድረስ ቢያዳምጡ ጆሯቸው ላይ ጉዳት የመድረሱ ዕድል አነስተኛ ነው። ከዚያ በላይ ሲጮህ የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት እያጠረ ይሄዳል። ከልጄ ጋር የመጀመሪያው ስምምነታችን በዚህ ላይ ሆነ፦ የጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ከግማሽ አይበልጥም፤ በየሰዓቱ ጆሮው ያርፋል። እሱም በምላሹ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ አብረሽኝ ስሚ።»

ሰማሁ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን።

የሚያዳምጠው ነገር «ሀርሽ ኖይዝ» ይባላል፤ እኔ በቀላሉ የጫጫታ ሙዚቃ እለዋለሁ። ዜማ የለውም። ምት ቢኖረውም ተደብቆ ነው። ሠርግ ላይ ዘፋኙ ማይኩን ወደ ስፒከሩ ሲያስጠጋ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይወጣ የለ? ሁላችንም ፊታችንን አኮሳትረን «ኧረ ማይኩን!» የምንለው? እነሱ ያንን ፉጨት ፈልገው ያመጡታል፤ ያሳድጉታል፤ በሌላ መሣሪያ ውስጥ አሳልፈው ያጎረንኑታል። ልጄ ከተበላሸ የበር ደወል ውስጥ እንደ ሳንቲም ስስ የሆነች ክብ ብረት አውጥቶ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ሽቦ አስበይዶላት፣ የራሱን ማይክ ሠርቷል። ይህች ማይክ በአየር የሚመጣ ድምፅ ብዙም አትሰማም፤ የተለጠፈችበትን ዕቃ ንዝረት ነው የምትሰማው። ማቀዝቀዣው ላይ ሲለጥፋት ማቀዝቀዣችን እንደ አውሮፕላን ያጓራል።

ጃፓናዊው ማሳሚ አኪታ፣ መርዝቦው በሚል ስም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሲሠራ እንደኖረና በ2000 ብቻ 50 ሲዲ በአንድ ሳጥን እንዳወጣ ነገረኝ። ሃምሳ! አንዱን አሥር ደቂቃ ሰምቼ ራሴን ስላመመኝ ተውኩት። ሰውየው ለእንስሳት መብት የሚቆረቆር ነው፤ የዓሣ ነባሪና የዶልፊን አደንን ለመቃወም ያወጣቸው ሥራዎች አሉት። እዚህ ጋ ነው ጥያቄዬ የጀመረው። ግጥም በሌለው ጫጫታ ውስጥ ስለ ግፍ እንደተነገረ በምን አውቃለሁ? ሽፋኑ ላይ ስለተጻፈ ነው?

ልጄ ይህን ጥያቄ ሸሽቶ አላለፈውም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ፖላንዳዊው ክሺሽቶፍ ፔንዴሬትስኪ በ1960 እ.ኤ.አ. ለ52 የክር መሣሪያዎች የጻፈውን ሥራ አሰማኝ። ቫዮሊኖቹ አይዘፍኑም፣ ይጮኻሉ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ለሂሮሺማ ሰለባዎች የቀረበ ሙሾ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ግን ስሙ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነበር፦ ስምንት ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ። የሂሮሺማ ስም በኋላ ነው የመጣው። «ታዲያ ያታልላል ማለት ነው?» አልኩት። «ወይም ሙሾው ቀድሞ ነበረ፤ ሟቾቹን በኋላ ነው ያገኛቸው» አለኝ። ሙሾ አውራጅ ያደመጠ ሰው ይህን አባባል በቀላሉ አይጥለውም።

አንድ ነገር ግን እኔ ነኝ ያሳወቅኩት። የጫጫታ ሙዚቃ ታሪክ ሲነሳ ሁሉም የሚጠሩት ሉዊጂ ሩሶሎ የተባለውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ከእንግዲህ ሙዚቃ የማሽንና የከተማ ጫጫታን ማስገባት አለበት ብሎ ጻፈ፤ የሚያጓሩና የሚያንጓጉ ሳጥኖችም ሠራ። ስለ ሰውየው ሳነብ የቡድናቸው መሪ ማሪኔቲ እንደነበር አየሁ። ማሪኔቲ ጦርነትን የሚያወድስ ሰው ነበር፤ ሩሶሎ በዚያ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባውም ማሪኔቲ ከጦር ሜዳ የላከለትን የመድፍ ጩኸት ገለጻ ነው። ይኸው ማሪኔቲ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር በበጎ ፈቃደኝነት ዘምቶ መጥቷል። ይህን ለልጄ ስነግረው ዝም አለ። ጫጫታ በተፈጥሮው ለተበደለ አይወግንም፤ ቦምብም ጫጫታ ነው።

ከሁሉ ያቆየኝ ቴስት ዴፓርትመንት የሚባለው የለንደን ቡድን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ኒው ክሮስ በሚባለው ሰፈር ተቋቋመ። ጊታር የላቸውም። ከተዘጉ ፋብሪካዎችና ከቁራሌ ግቢዎች የለቀሙትን ቧንቧ፣ በርሜል፣ የመኪና ሞላና ቆርቆሮ በመዶሻ ይደበድባሉ። «እነዚህን ሰዎች ምናለሽ ተራ ብናመጣቸው እኮ ያብዱ ነበር» አለኝ ልጄ። እኔ ደግሞ ምናለሽ ተራ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት የሚቀጠቅጡት ሰዎች ያንን ድምፅ ሙዚቃ ነው ብሎ የሚመጣባቸውን ሰው እንዴት እንደሚያዩት አሰብኩና ሳቅሁ።

በ1984 እ.ኤ.አ. በእኛ የካቲት 1976 መጨረሻ፣ የእንግሊዝ መንግሥት 20 የከሰል ጉድጓዶችን ሊዘጋ፣ 20 ሺህ ያህል የሥራ ቦታ ሊያጥፍ መሆኑ ታወቀ። ከመቶ ሺህ በላይ ማዕድን ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ። አድማው አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው በሽንፈት አለቀ። በዚያ ዓመት ቤታቸውን ያቆሙት ሚስቶቻቸው ነበሩ፤ የጋራ ማድ ቤት ከፍተው የአድማ መቺውን ቤተሰብ ይመግባሉ። ቴስት ዴፓርትመንት ብረቱን ጭኖ ለአድማው ድጋፍ ዞረ፤ ከደቡብ ዌልስ አድማ መቺዎች መዘምራን ጋር «ሾልደር ቱ ሾልደር» የተባለ አልበምም አወጣ። ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው። በአንድ በኩል የጎልማሶች ኅብረ ዝማሬ አለ፤ ወፍራም፣ የደከመ፣ ቆንጆ። በሌላ በኩል ብረት። ሁለቱ ተስማምተው አይሄዱም። እንዲያውም ብረቱ ዝማሬው ውስጥ ያለውን ማማር ተጠራጥሮ የሚያቋርጠው ይመስላል። ከሰማኋቸው ሁሉ ሳልጨርስ ያልተነሳሁት ይህን ብቻ ነው።

ዓመቱን ሳሰላው ደነገጥኩ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የኮረም መጠለያ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ኅዳር 16 የታወቁ ዘፋኞች ለንደን ስቱዲዮ ገብተው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ያንን የገና ዘፈን ቀዱ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ክረምታቸው፣ ሌሎች ልጆች ለማዕድን ቆፋሪዎች ቆርቆሮ ይደበድቡ ነበር። አንዱ ለእኛ የተዘፈነ፣ ጣፋጭ፣ ልብ የሚነካ። ሌላው እኛን የማያውቅ፣ ጆሮ የሚያደማ።

እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ደሴ። ከሰሜን የመጡት ሰዎች በአጥራችን ጥግ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። እናቴ ቆሎ ቆልታ በኔ እጅ ትልክላቸዋለች። ዛሬም ሳስበው የሚታወሰኝ ነገር ድምፅ አለመኖሩ ነው። የዚያን ያህል ሰው ተቀምጦ የሕፃን ለቅሶ እንኳ አይሰማም። ሲርብ ሰው እንደሚጮህ ነበር የሚመስለኝ፤ አይጮህም። ያንን የለንደን ዘፈን አልንቅም፤ በእሱ ገንዘብ እህል የቀመሰ ሰው አለ። ግን የዚያን አጥር ጥግ የሚመስል ነገር ሙዚቃ ውስጥ ፈልግ ብባል፣ ወደ ዘፈኑ አልሄድም። ለምን ወደ ብረቱ እንደምሄድ ለልጄ ላስረዳው ሞክሬ አልቻልኩም። እሱ ግን የገባው መሰለኝ፤ ሻይ አምጥቶልኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ቤታችን የገባው።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልጄ የራሱን ሥራ ሊያሰማን እንደሚፈልግ ተናገረ። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ባለቤቴ «ዘጠኝ?» አለ፤ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ስፒከሩ ሳሎን መጣ።

ዱብ ይላል። ዝም። ዱብ። ከባድ፣ ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ነገር። እየዘገየ፣ እየወፈረ፣ የቤቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ። ከሥሩ እንደ ወናፍ የሚነፋ ነገር አለ። ቀጥሎ የሙቀጫ ምት መጣ፤ ተቆራርጦ፣ ተደራርቦ፣ በመጨረሻ የመትረየስ ያህል ሆኖ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ይመስለኛል፣ አንድ የተሰነጠቀ ነገር መጮህ ጀመረ። ያንኑ ነገር ደጋግሞ ይላል። መጀመሪያ ቃል አልመሰለኝም። ባለቤቴ ቀድሞኝ ለየው፤ ዓይኑን ወደ ሲኒው ሰበረ። ከዚያ እኔም ሰማሁት።

«አትሰሚም እንዴ? አትሰሚም እንዴ? አትሰሚም እንዴ?»

የኔ ድምፅ ነው። የቤት ሠራተኛችንን ስጠራ።

ዱብ የሚለው ጀሪካን ነው። እኛ ያለነው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ግፊቱ ግን እኛ ጋ አይደርስም። ፓምፑም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከታች ይቀዳል። ሃያ ሊትር ማለት ሃያ ኪሎ ነው። ደረጃው 72 ነው፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ቆጥሬ ነው። በየደረጃው ጀሪካኑን ታሳርፈዋለች። ወናፉ ትንፋሿ ነበር።

ተቆጣሁ። «ቤታችንን ነው የምታዋርደው!» አልኩት። ከዚያ አፌ አልቆም አለ። ደሞዟን አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ለበዓል ልብስ እገዛለሁ። ስትታመም አሳክሜያታለሁ። የማታ ትምህርት ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲቸኩል ድምፁ ከፍ ይላል፤ የማን ቤት ነው የማይጮህበት? ሁሉም እውነት ነበር። ይህን ሁሉ ስደረድር እሷ ማድ ቤት ናት። በሩ ክፍት ነው።

እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። አምስት ዓመት አብራን ኖራለች፤ ልጄን የምታውቀው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ነው። ስሟን እኔ ልጽፈው ነበር፤ «ተይው እትዬ» አለችኝ።

«ጀሪካኑ የኔ ነው እንዴ?» አለችው። «እስቲ ከመጀመሪያው አሰማኝ።»

የጆሮ ማዳመጫውን አድርጋ ቆማ ሰማችው። ዘጠኝ ደቂቃ፣ ቆማ። ተቀመጪ ያላት ሰው የለም፤ ይህም ትዝ ያለኝ ሌሊት ነው። ልጄ ፊቷን ያነባል። የጠበቀው እንባ ነበር፣ ወይም ምስጋና፣ እንጃ። ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣

«ሳትነግረኝ ነው የቀዳኸኝ?» አለችው።

«ስለ አንቺ እኮ ነው... ለአንቺ ብዬ ነው የሠራሁት።»

«ለእኔ ከሆነ ለምን መጨረሻ አሰማኸኝ?»

ልጄ ፊቱ ደም መሰለ። ስለ ፍትሕ ሦስት ቅዳሜ ያስተማረኝ ልጅ መልስ አጣ።

«ደረጃ ላይ ሳለከልክ ሰው እንዲሰማኝ አልፈልግም» አለች። «ትንፋሼን አውጣው።» ወደ ማድ ቤት ዞር ካለች በኋላ ደግሞ ቆም ብላ፣ «የእትዬን ተወው፤ እሱ ቆንጆ ነው» አለች።

ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔም ልስቅ ወይ ልቆጣ እየተቸገርኩ ሳለ እሷ ቀጠለች፣ ለልጄ ነው የምትናገረው፤ እኔን አታየኝም። «ደግሞ ለእኔ የሆነ ነገር ማድረግ ከፈለግህ ማክሰኞና ሐሙስ ውሃውን አንተ አውጣው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ያመልጠኛል።»

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ስምንተኛ ክፍል ነች፤ ባለፈው ዓመት በሒሳብ ወድቃለች። ውጤቱን ይዛ ስትመጣ አጠገቧ ተቀምጬ «ሒሳብ ላይ በርቺ እንጂ» ብዬ መክሬያት ነበር። እሺ እትዬ ነበር ያለችኝ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ጀሪካን ይዞ ወረደ። አራት አውጥቶ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። አባቱ ሁለት አወጣና ስለ ወገቡ እስከ እራት ተረከልን። እኔ አንድ ሞከርኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለጎረቤት ሰላምታ የምሰጥ መስዬ ቆሜ አረፍኩ። እሷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ እንዲህ ነው ብል እዋሻለሁ፤ እንግዳ የመጣ ቀን፣ ልጄ ፈተና ያለው ቀን፣ ነገሩ ወደ ድሮው ይመለሳል። ፓምፑን ለማሠራት የኮሚቴውን ሰዎች መወትወት ጀምሬያለሁ። «አንቺ!» ብዬ መጣራትም አልተውኩም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የምሰማው።

ልጄ ትንፋሿን ከሥራው አወጣው። ባዶውን ቦታ ምን ላድርገው ብሎ ሲጨነቅ ሰነበተና ደረጃው ላይ የራሱን ትንፋሽ ቀድቶ አስገባበት። አሰማት። «ያንተ ይበዛል፤ አራት ጀሪካን አይደለም እንዴ?» አለችው። ቢሆንም ፈቀደችለት።

በሚመጣው ሳምንት ጓደኞቹ አንደኛው ቤት ተሰብስበው የየራሳቸውን ሥራ ይሰማማሉ። ትናንት ማታ ልጄ ክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ማሚ፣ አንቺንም መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ድምፅሽን ላውጣው?»

«ካወጣኸው ምን ይቀራል?»

አሰበ። «ጀሪካን።»

ብዙ ዝም አልኩ። የልጆቹን እናቶች አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ናቸው።

«ይቆይ» አልኩት። «ግን ድምፁን ትንሽ ቀንሰው።»

«ማሚ፣ ሀርሽ ኖይዝ እኮ ነው» አለኝ።